አንደኛ የወጣን ዕለት

ደንገል በር በኑሮ ጥራት ከሐይቁ ዳር መንደሮች ሁሉ አንደኛ ወጣች ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሴቶቹ እልል አሉ። የእድራችን ዳኛ ገድሉ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ እንደ ሙሽራ አባት ወደ ግራም ወደ ቀኝም እጅ ነሣ። እኔም አጨበጨብሁ። ከተወለድሁ ጀምሮ ይህች መንደር በምንም ነገር አንደኛ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ከባሕር ዳር የመጡት ኃላፊ፣ አቶ አበራ፣ ጭብጨባው እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ። ክፉ ሰው አይመስሉም። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲናገሩም አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «በዚህ ውጤት መሠረት የወላድ ጀልባዋ የመጨረሻ ደረጃ ወደያዘው መንደር ትዛወራለች። ዛሬ ስንመለስ ይዘናት እንሄዳለን። እናንተ ከዚህ ዓይነቱ ድጋፍ በላይ ሆናችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ጥቂት ሰዎች አሁንም አጨበጨቡ። ልማድ ነው፤ ድምፅ ማጉያ ዝም ሲል ይጨበጨባል።

እኔ ግን እህቴን ፈለግኋት። ፀሐይወርቅ ከሴቶቹ ወገን፣ ከልጇ ከሰብለ ወንጌል ጎን ተቀምጣለች። ሰብለ ወሯ ገብቷል፤ ወንበሩ አልመቻት ብሎ ወደ ጎን ተደግፋለች። እህቴ የልጇን ጉልበት በእጇ ይዛ ወደ ሐይቁ ታያለች፤ ጀልባዋ ወደታሰረችበት።

ደንገል በርን ለማያውቅ ሰው ይህን ልንገር። በስተፊታችን ጣና ነው፤ በስተኋላችን ረግረግ። በበጋ ረግረጉን በእግር ተሻግረን የጎንደሩ አስፋልት ላይ እንወጣለን፤ ከዚያ በሚኒባስ ዘንዘልማን አልፎ ባሕር ዳር መግባት ነው። ክረምት ሲሆን ግን መንገዱ ማጥ ይሆናል። ከጀልባዋ በፊት የታመመ ሰው በቃሬዛ ነበር የሚወጣው። ጀልባዋን የእነ አቶ አበራ የልማት ድርጅት ለሙከራ ብሎ ካመጣት ወዲህ ምጥ የያዛት ሴት በሐይቁ ላይ ቀጥ ብላ ሐኪም ቤት ትደርሳለች። የሚነዳት አዘዘ የዚሁ መንደር ልጅ ነው። ቀንም ጠሩት ሌሊት፣ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ አያውቅም።

ሰብለ ወንጌል የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘችው ጀልባዋ ሳትመጣ ነው። ስለዚያ ኋላ እነግራለሁ። አሁን ሁለተኛዋ ነው። እህቴ ጾምም ጸሎትም አላጎደለችም፤ ስትጨነቅም እንዲህ እያለች ነበር የምትጽናናው፦ «አሁንስ ጀልባ አለ።»

ታዲያ እንዴት አንደኛ ወጣን?

በግንቦት ነው የለኩን። ሚስጥር የምትባል የባሕር ዳር ልጅ በእጇ ታብሌት ይዛ መጣች። የኑሮ ጥራት ጥናት ነው አለች፤ ከዚያ በላይ እንዳትናገር ታዝዛለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቤቱን ሁሉ አውቀዋለሁና መንገድ አሳያት አሉኝ፤ ከቤት ቤት አብሬያት ዞርሁ። እሷ ትጠይቃለች፤ እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ።

ገድሉ ግን ቀድሞን ነበር። ከከተማ እንግዳ ይመጣል ሲባል እንደ ጦር አዝማች ተነሣ። «ይቺ ልጅ ባዶ ቤት ገብታ ምን ብላ ታውራብን?» አለ። የእድሩን ወንበሮች አወጣ። እነዚያ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ሰው ሲሞት ለለቅሶ የምናወጣቸው ናቸው። ፔርሙዝ ካለው ፔርሙዝ፣ ፍራሽ ካለው ፍራሽ ተሰበሰበ። ገድሉም የራሱን ብርድ ልብስ ጨመረ፤ ልጁ ከአዲስ አበባ የላከለትን፣ ነብር የተሣለበትን። ሚስጥርና እኔ ከአንዱ ቤት በፊት ለፊት ስንወጣ፣ የእድሩ ጎረምሶች ዕቃውን በጓሮ በኩል፣ በጌሾው መሐል፣ ተሸክመው ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣሉ። እኛ ስንደርስ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ነብሩም አልጋው ላይ ተጋድሟል።

አንድ ቤት ውስጥ ሚስጥር ብርድ ልብሱን አየችና ዞር ብላ ገድሉን ጠየቀችው። «ጋሼ፣ እዚህ መንደር ሁሉም ሰው ነብር ይወዳል?»

«ነጋዴው ሌላ አውሬ አላመጣልንም» አላት፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ያ ሣቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ጥርሴን እነክሳለሁ።

መልሱስ? ልጅቱ ትጠይቃለች። «ባለፈው ወር ውስጥ ምግብ አጥታችሁ የዋላችሁበት ቀን አለ?» ትርንጎ፣ አራት ልጅ ብቻዋን የምታሳድገው፣ ቀና ብላ «ጾመን እንውላለን እንጂ አጥተን አንውልም» ትላታለች። ግንቦት ነው፤ በዓለ ኀምሳ ነው፤ ጾም የለም። ልጅቱ ግን ምን ታድርግ፣ የለም ብላ ትነካለች። «የመጠጥ ውሃ ከየት ነው?» «ከጣና!» ይሏታል፤ ጣናን የፈጠሩት እነሱ ይመስል። በደጃቸው እምቦጩ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖታል፤ ያን እየገፉ ነው የሚቀዱት፤ የልጆቹ ሆድ የሚነፋውም ከዚያ ነው። አልተናገሩም። «ችግር ሲገጥማችሁ የሚደርስላችሁ አለ?» «እግዚአብሔር አለ!» ይሏታል። እሷም አለ ትላለች።

መጨረሻ ላይ አምስት ፊቶች ታሳያቸዋለች። አንዱ ፊት ጥርሱ እስኪታይ የሚሥቅ ነው፤ እያለ እያለ ይጠቁርና የመጨረሻው ያለቅሳል። ኑሯችሁን የሚመስለውን በጣታችሁ ንኩ ትላለች። በእኛ አገር የሚያለቅስ ፊት በገዛ ጣቱ ነክቶ ይህ እኔ ነኝ የሚል ሰው የት ይገኛል? ሟርት ነው። ዓይነ ስውሯ እማሆይ እንኳ የሚሥቀው የትኛው እንደሆነ አስጠይቀው ነው የነኩት። እህቴ ፀሐይወርቅ፣ ባሏን ሐይቁ የበላባት፣ የልጅ ልጇን ረግረግ ውስጥ የቀበረች፣ «ተመስገን» ብላ የሚሥቀውን ነካች። አጠገቧ ነበርሁ።

ይኸው ተደምሮ፣ ተባዝቶ፣ አንደኛ ሆነ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። አቶ አበራ የአንደኝነቱን ዋንጫ ለገድሉ ሊያስረክቡ ሲነሡ ፀሐይወርቅ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ይጠይቁ፣ እናቴ።»

«የተቀመጡበት ወንበር የማን ነው?»

አቶ አበራ ወንበሩን ዘወር ብለው አዩት። «የእድሩ ይመስለኛል።»

«የእድሩ ነው። ሰው ሲሞት የምናወጣው ነው። በግንቦት የእኔ ነው ተብሎ ተቆጥሯል። ከእኔ ቤት ወጥቶ የትርንጎ ነው ተባለ። ከትርንጎ ቤት ወጥቶ የእማሆይ ነው ተባለ። እማሆይ በመደብ ነው የሚተኙት፤ ስምንት ወንበር አላቸው ብላችሁ ጻፋችሁ።»

«ፀሐይወርቅ!» አለ ገድሉ። «እንግዳ ፊት! ምን ነካሽ?»

«አንተ ዝም በል። ነብርህን ከጠረጴዛው ላይ አንሣው።»

ገድሉ ለክብር ብሎ ብርድ ልብሱን የዋንጫው ጠረጴዛ ላይ አንጥፎት ነበር። ሰው ሁሉ ያን ነብር ያውቀዋል፤ በየቤቱ አድሯል። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «የኛም ቤት መጥቶ ነበር፤ ሰላም በሉት» አለና ሣቅ ፈነዳ። እህቴ አልሣቀችም። ከአቶ አበራ ጋር የመጣችው ሚስጥርም አልሣቀችም፤ ነብሩን አተኩራ እያየች ፊቷ ቀላ።

«እውነት ነው?» አሏት አቶ አበራ ዝቅ ብለው። ድምፅ ማጉያው ግን ክፍት ነበርና ሁላችንም ሰማን።

«ነግሬዎት ነበር» አለች። «አንድ ብርድ ልብስ በየቤቱ እያየሁ ነው ብዬ ደውዬልዎት ነበር። ያየሽውን መዝግቢ፣ አስተያየት አትጨምሪ አሉኝ።»

አቶ አበራ ማጉያውን ዘጉት። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ በሰው ድምፅ ነው።

«እናቴ፣ ይገባኛል። ግን ለሁሉም መንደር የጠየቅነው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። ያስገደዳችሁ የለም።»

«ስለ ጀልባዋ መሆኑን ለምን አልነገራችሁንም?»

«እሱን አንናገርም። ከተነገረ ሰው መልሱን ወደ ችግሩ ያዘነብላል። ይህ የጥናት ሥርዓት ነው።»

«ወደ ችግር እንዳናዘነብል ፈራችሁ» አለች እህቴ። «ወደ ደስታ ስናዘነብልስ? እሱ አላስፈራችሁም? እሱ ተስማማችሁ። እሱን በዋንጫ ተቀበላችሁት።»

ያን ጊዜ መሪጌታ ፍሬ ስብሐት በመቋሚያቸው መሬቱን ቆርቆር አደረጉ። ለዳዊት ያበቁኝ እሳቸው ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። «ልጄ» አሏት፣ «ተመስገን ማለትን አትንቀፊ። ኢዮብም በዐመድ ላይ ተቀምጦ አመስግኗል።»

«የኔታ፣ እኔ አልነቀፍሁም። ነገም ተመስገን እላለሁ። ተመስገን ያልሁት ግን ለእሱ ነው» አለች፤ በጣቷ ወደ ላይ አመለከተች። ከዚያ ጣቷ ወደ አቶ አበራ ዞረ። «እነዚህ ምን አግብቷቸው ተቀበሉት? እሱ የልቤን ያውቃል፤ ተመስገን ብልም ያውቃል። ይኸ ሰውዬ ያውቃል?»

መሪጌታ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

አቶ አበራ ሰዓታቸውን አዩ። ሰማዩንም አዩ፤ ከደቅ ደሴት ወገን ደመናው እየከበደ ነበር። «ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ» አሉ። «ሁለተኛው ልኬት ሲመጣ ይታያል። አሁን ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም።»

«ሁለተኛው መቼ ነው?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ።»

ፀሐይወርቅ ወደ ልጇ ዞረች፤ ወደ ሆዷ። «ሰማሽ? ሁለት ዓመት ጠብቂ ተብለሻል።» እጇን ይዛ አስነሣቻት። «ተነሺ። ቀስ ብለሽ።»

ወዴት እንደሚሄዱ ማንም አልጠየቀም። እየደገፈቻት በሕዝቡ መሐል አለፈች፤ ወደ ውሃው ወረደች፤ ሰብለ ወንጌልን ጀልባዋ ውስጥ አስገብታ እሷም ገባች። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ የነፍሰ ጡሮቹ እናቶች፣ የአራሶቹ አማቶች። ጀልባዋ ስምንት ሰው ነው የምትችለው። ሴቶቹ ግን በላይ በላዩ ገቡ፤ ጭን ለጭን፤ ውሃው እስከ ጠርዟ ቀረበ።

አዘዘ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ገመዱን ይዟል። «እትዬ ፀሐይ፣ እኔ ደመወዝተኛ ነኝ እኮ።»

«ደመወዝህን ማን ነካው? ቁልፍህም እጅህ ላይ ነው። እኛ ተቀምጠን ነው።»

አቶ አበራ ወደ ዳሩ መጡ። ጫማቸው ጥቁር ነው፤ የተወለወለ። «አዘዘ፣ ሴቶቹን አውርድና ሞተሩን አስነሣ። ዝናብ ሳይመጣ ልንገባ ነው።»

አዘዘ ሴቶቹን አየ። ኃላፊውንም አየ። በዚያች ደቂቃ የእንጀራውን ነገር ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ጌታዬ፣ ከስምንት ሰው በላይ ሞተር አስነሣ አይባልም። ስትቀጥሩኝ ያስፈረማችሁኝ እሱን ነው። እናቶችን ጎትቼ ላወርድ ደግሞ አልፈረምሁም።»

ከኋላ እልልታ ተነሣ፤ ከጠዋቱ እልልታ ጋር አይገናኝም፤ የሚቆርጥ ነበር። ገድሉ ወደ ውሃው ሮጠ፤ አንዴ ሴቶቹን ይለምናል፣ አንዴ ኃላፊውን። «አዋረዳችሁን! አገር ምን ይላል?» ይላል። ትርንጎ ከጀልባዋ ውስጥ ሆና «አንደኛ ወጣን ይላል፣ ገድሉ፤ ዋንጫህን ታቅፈህ ተኛ» አለችው። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ።

አቶ አበራ ስልካቸውን አወጡ። ደንገል በር ላይ ኔትወርክ የለም። ወደ ላይ አነሡት፣ ወደ ግራ ወሰዱት፣ ዋርካው ሥር ሄደው ቆሙ። የለም። ያም ተለክቶ ከሆነ እንጃ።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ። «በእግር መንገድ አለ አይደል?»

«አለ» አልሁ።

ሰው ትዕግሥተኛ ነህ ይለኛል። ልብስ ሰፊ ካልታገሠ ጣቱን ይወጋል። ያን ቀን ግን ደረቴ ውስጥ የሚነድ ነገር ነበር፤ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምሁም አልበረደም። አቶ አበራንና ሚስጥርን ከኋላዬ አስከትዬ ገባሁ። ቀስ ብዬ መሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም።

ረግረጉ መጀመሪያ ሣር ይመስላል። ከዚያ እግር ይገባል፤ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እስከ ባት። ከደንገሉ መሐል ሲወጣ ውሃ ነው፤ ከውሃው ሲወጣ ጭቃ። ሚስጥር ወዲያው ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። አቶ አበራ አላወለቁም፤ ምናልባት አፈሩ። ብዙም ሳንሄድ አንዱ ጫማቸው ማጡ ውስጥ ቀረ። ጎንበስ ብለው እስከ ክንዳቸው አስገብተው ፈለጉት፤ አጡት። በአንድ ጫማ ትንሽ ሄዱና ሁለተኛውንም አውልቀው ጣሉት።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው?» አሉ፣ እየተነፈሱ።

«አይደለም። ነሐሴ ላይ ይብሳል።»

ደግሞ ሄድን። ዝናቡ ጀመረ፤ ወፍራም ነጠብጣብ። አቶ አበራ ተንሸራተው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ሚስጥር ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። እኔ ቆሜ አየሁ። እጄን አልዘረጋሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እጄን አልዘረጋሁም።

«ወንድሜ» አሉኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ «ጀልባዋ ሳትመጣ ወላዶች በዚህ እንዴት ያልፉ ነበር?»

«አያልፉም» አልሁ።

ቆሙ። እኔም ቆምሁ። ከፊታችን የባንባ ዛፍ አለ፤ ከረግረጉ ውስጥ ደረቅ መሬት ያለው እሱ ሥር ብቻ ነው።

«ያቺ ጀልባ ውስጥ ያዩዋት ሆዷ የገፋው ልጅ የእህቴ ልጅ ናት» አልሁ። «የመጀመሪያዋን ጊዜ አራት ሆነን በቃሬዛ ይዘናት ወጣን፤ አንዱ እኔ ነበርሁ። እርስዎ ጫማዎትን የጣሉበት ላይ ስንደርስ የፊተኛው ሰው ወገቡ ድረስ ገባ፤ ቃሬዛው አዘመመ። ተሸክመናት ቆምን፤ ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለን። እየተጎተትን እዚያ ዛፍ ሥር አስቀመጥናት። እዚያ ወለደች። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ክርስትና ሳይነሣ ቀረና ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አልገባም፤ እህቴ በእጇ ቆፍራ እዚያው ነው የቀበረችው። እህቴ በግንቦት ያንን የሚሥቅ ፊት ስትነካ እኔ አጠገቧ ነበርሁ። ይህቺም ልጅ ነበረች።»

ሚስጥር ታለቅስ ነበር። ዝናቡ ስለነበር ዝም ብዬ አለፍሁት። ለቅሶዋም አናደደኝ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ያላናደደኝ ነገር አልነበረም። አቶ አበራ የዛፉን ሥር ሳይረግጡ በማጡ በኩል ዞረው አለፉ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሦስታችንም እንደ ጭቃ ሠራተኛ ሆነናል። ያለፈ ባጃጅ ሁሉ ዓይቶን ሳይቆም ሄደ። ስልካቸው እዚያ ያዘ። ዳር ላይ ቆመው ደወሉ፤ ረጅም ንግግር ነበር፤ መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ኋላ ከፍ አድርገው። «ልጅቱ አልተሳሳተችም፤ እኛ ነን ያልሰማናት» ሲሉ ሰማሁ። «እኔ እጠየቅበታለሁ» ሲሉም ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ።

«ጀልባዋ እዚያው ትቆያለች። እንደገና እስክንለካ ድረስ።»

እጃቸውን ዘረጉልኝ። ጨበጥኋቸው። ጭቃ በጭቃ ነበር። ደስ ይለኛል ብለው ጠብቀው ይሆናል፤ ደስታ አልመጣልኝም። የነበረንን ወሰዱ፤ የነበረንን መለሱ። ለዚህ እጅ መንሣት ከየት ላምጣ?

ሚስጥር ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ቀረበችኝ። «ጋሼ መርስዔ፣ እንደገና ስመጣ ምን ብዬ ልጠይቅ? ምን ብጠይቃቸው ነው እውነቱን የሚነግሩኝ?»

«አትጠይቂ» አልኋት። «በክረምት ነይ። በጀልባ አትምጪ፤ በዚህ በመጣንበት ነይ። ለማንም ሳትነግሪ ነይና እነትርንጎ ቤት እደሪ። ማታ የሚበሉትን ብዪ።»

ራሷን ነቀነቀች። ትመጣ እንደሆነ አላውቅም።

ብቻዬን ተመለስሁ። መንደር ስደርስ ሴቶቹ አሁንም ጀልባዋ ውስጥ ናቸው፤ ነጠላቸው ረጥቦ ራሳቸው ላይ ተጣብቋል። ሰብለ ወንጌልን መሐል አድርገው ዙሪያዋን ከብበዋታል። አዘዘ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ከውሃው ዳር ቆመው ዳዊት ይደግማሉ፤ መቼ እንደመጡ እንጃ።

«ጀልባዋ ትቆያለች ብለዋል» አልሁ። «እንደገና እስኪለኩ።»

አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ከፈተች። ፀሐይወርቅ እጇን ጭና አስቆመቻት።

«ማን አለ?»

«አቶ አበራ። በስልክ ተነጋግረው።»

«ጠዋት በድምፅ ማጉያ ትሄዳለች ብሎን ነበር፤ አሁን በስልክ ትቆያለች አለን። ነገ ደግሞ ሌላ አለቃ ይደውልለታል።» ልጇን ይበልጥ ወደ ራሷ ሳበች። «እናንተ ውረዱ፤ ልጆች አሏችሁ፤ ተራ በተራ ትመጣላችሁ። እኔ አልወርድም።»

«እስከ መቼ፣ እታለም?»

«እስክትወልድ።»

«እማዬ» አለች ሰብለ ወንጌል፤ በሐፍረት ድምፅ። «ሰው ይሥቅብናል።»

«ይሣቅ።»

ትርንጎ «ቀድሞስ ስንሥቅ አልነበር የለኩን» አለችና አልወረደችም። ሌሎቹ ጥቂቶቹ ወረዱ፤ ጀልባዋ ከውሃው ትንሽ ከፍ አለች። አዘዘ ሳይነገረው ተነሥቶ ነዳጁን ከፈተና አየ፤ ሞተሩን በጨርቅ ጠረገ።

ዝናቡ አሁን የምሩን መጣ፤ ከሐይቁ ላይ እየሮጠ፣ ነጭ ሆኖ።

«ምን ቆመሃል?» አለችኝ እህቴ። «መርስዔ፣ ሸራ አምጣ።»

ቤቴ ሮጥሁ። ያለችኝ አንድ ሸራ የስፌት መኪናዬን የማለብሳት ናት። መኪናዋን ወደ ግድግዳው ገፋሁና ሸራውን ገፈፍሁ፤ ጣሪያው በዚያ በኩል ያፈሳል። ያፍስ። በብብቴ ሸጉጬ ወደ ውሃው ወረድሁ።